የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትምህርት ቤት ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ለሰሜን ሸዋ መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ የቆሙ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ብዙዎቹም ኢዮቤልዩአቸውን ሲያከብሩ መጽሔት ያሳትማሉ። የመጽሔቶቹ ይዘት ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ የመሠረት ድንጋዩን ያኖረው ባለሥልጣን ስም፣ የርእሳነ መምህራን ዝርዝር፣ ለወግ ለማዕረግ የበቁ የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶግራፍ፣ በመጨረሻም የምስጋና ገጽ። ይህ ሁሉ ተነቦ ሲያልቅ አንባቢው ትምህርት ቤቱ መቼ እንደተከፈተ ያውቃል፤ በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ሰው እንዲያወጣ ታስቦ እንደነበር፣ ባላገሩም ልጁን ሲልክ ወይም ሲከለክል ምን በልቡ እንደያዘ ግን አያውቅም። የሚከተለው መመሪያ ይህን ጉድለት ለመሙላት ለሚነሣ የታሪክ መምህር፣ ለትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ የተጻፈ ነው።

አጥኚው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዘውዱ ዘመናዊውን ትምህርት ወደ አገር ያስገባው ነባሩን የቤተ ክህነት ትምህርትና የንጉሥን ክብር መከታ አድርጎ ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ ሃይማኖት፣ ንጉሥ፣ አገርና ሥልጣኔ በአንድ መምህር አንደበት፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይነገሩ ነበር። እነዚህ ነገሮች እንዴት እንደተጣበቁና በኋላም እንዴት እንደተላቀቁ ማሳየት የጽሑፉ ዋና ሥራ ነው። ለዚህም የሚረዳው በእጅ የገባውን ማስረጃ ሁሉ በሦስት ክምር መለየት ነው፤ በአዋጅና በደንብ የታዘዘው አንድ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ በእርግጥ የተደረገው ሁለት፣ ሰዎች ዛሬ የሚያስታውሱት ሦስት። ብዙ የትምህርት ቤት ታሪኮች የሚበላሹት የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ክምር ደባልቀው እንደ ሁለተኛው አድርገው ስለሚያቀርቡ ነው። አዋጅ ወጣ ማለት ተፈጸመ ማለት አይደለም፤ ሽማግሌው በናፍቆት የሚያወሩትም ሁሉ ያኔ እንደዚያ ነበር ማለት አይደለም።

ከትምህርት ቤቱ በፊት የነበረው ትምህርት ቤት

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት ምድረ በዳ ላይ አልተተከለም። ስለዚህ የጽሑፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ በአካባቢው ካሉ አድባራት መጀመር ይኖርበታል። የትኛው ደብር ንባብ ቤት ነበረው? ዜማ ቤት ወይም ቅኔ ቤት ፍለጋ የሚሄድ ተማሪ ወዴት ይሻገር ነበር? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ በመንደሩ ምን ዓይነት ቦታ ነበረው? የኔታስ ከምን ይኖሩ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች የጎን ጨዋታ አይደሉም፤ ከፊደል ገበታ ተነሥቶ፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፎ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲገባ ብዙውን ጊዜ ማንበብ ችሎ ነው፤ ይህም በክፍል ምደባው፣ ለመምህሩ በሚያሳየው አክብሮትና በቃል በማጥናት ልማዱ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የሰሜን ሸዋ አጥኚ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ የንጉሥና የትምህርት ግንኙነት ከደጁ ይጀምርለታልና። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሕዝቡ በሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያን እየመጣ ሃይማኖቱን እንዲማር ያዘዙ ንጉሥ ነበሩ፤ ንጉሥ አስተማሪ ነው የሚለው ሐሳብ ከዘመናዊው ትምህርት ሚኒስቴር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበርና በአንጎለላ ተቀምጠው ከአውሮፓ መንገደኞች ጋር ሲነጋገሩ ከሁሉ አብልጠው የፈለጉት ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ ነበር። የልጅ ልጃቸው ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1871 ዓ.ም. የመጣውን ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን በዚሁ መንፈስ ተቀብለውታል። ሥልጣኔ ማለት በመጀመሪያ መሣሪያና ሙያ ነበር፤ ትምህርት ቤት የመጣው ኋላ ነው።

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ታሪክ ለማንኛውም የወረዳ ትምህርት ቤት ጥናት መነሻ ሊሆን የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቤተ ክህነቱ መሪዎች የውጭ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለሠጉ፣ ንጉሡ የአውሮፓን ቋንቋ የሚያውቁ ነገር ግን በሃይማኖት ከእስክንድርያ መንበር የሆኑ መምህራንን በማስመጣት ሁለቱንም ወገን አስማሙ። አጥኚው ይህን ስምምነት በልቡ ይዞ ወደ ራሱ ትምህርት ቤት ቢመለስ፣ በወረዳውም ያው ድርድር በትንሹ ተደግሞ ያገኘዋል፤ ቄሱ የግብረ ገብ መምህር ሆነው ሲቀጠሩ፣ የትምህርት ቤቱ ምረቃ በጸሎት ሲከፈት፣ ወላጅ «ልጄ ጾም ይሽር ይሆን?» ብሎ ርእሰ መምህሩን ሲጠይቅ።

በጠላት ወረራ ዘመን ላይ ያለውን ክፍል በአንድ አረፍተ ነገር ማለፍ የተለመደ ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን አልመክርም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠኑትን ወጣቶች እየለቀመ አስገደለ። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት ተጨፈጨፉ፤ ከዚያው የተያዙት ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው እንጌቻ በተባለው ስፍራ ተገደሉ፤ የጣሊያኖቹ የራሳቸው ሪፖርት የዲያቆናቱን ቁጥር 129 ያደርሰዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ አዲሱም ነባሩም የተማረ ትውልድ ተመታ ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ በየወረዳው የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ለምን መምህር እንዳጡ፣ ገና አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ለምን ታናናሾቹን እንዲያስተምር ይደረግ እንደነበር ለማስረዳት ከዚህ መነሣት ግድ ይላል። በደብረ ብርሃን የሚገኘው የኃይለማርያም ማሞ ትምህርት ቤት የአርበኛ ስም መሸከሙም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው፤ የትምህርት ቤት ስም ራሱ ማስረጃ ነው። ስም መቼ ተሰጠ፣ በ1966 ዓ.ም. ለውጥ ተነሣ ወይስ ጸና፣ ማን ጠየቀ የሚለውን ተከታትሎ መጻፍ ብዙ ገጽ ሙሉ የሐሳብ ትንታኔ ይተካል። በአዲስ አበባ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እንጦጦ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ በወረዳ ደረጃ የተደረገውን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሰነድ ፍለጋ

ሰነድ የሚፈልግ ሰው «ሰሜን ሸዋ» ብሎ ቢጠይቅ የዚያን ዘመን ፋይል አያገኝም። ይህ የአስተዳደር ስም በኋላ የመጣ ሲሆን፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አካባቢው በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በአውራጃዎች የተከፈለ ነበር፤ ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐ ቤቴ እያሉ መፈለግ ያስፈልጋል። የአዋጆችና የደንቦች ምንጭ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ከዚያ በፊት ላለው ብርሃንና ሰላም፣ ከነጻነት በኋላ ላለው ደግሞ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ስለ ትምህርት ቤት ምረቃዎችና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝቶች ብዙ ዘግበዋል፤ እነዚህ የሚገኙት በአዲስ አበባ በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ጋዜጣ ሲነበብ ግን መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ የዘመኑ ጋዜጣ የሚነግረን መንግሥት ራሱን እንዴት ለማየት ይፈልግ እንደነበር ነው፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ክምር እንጂ ወደ ሁለተኛው አይገባም።

ከአዋጆቹ ሁሉ ለወረዳ ታሪክ ጸሐፊ እጅግ ጠቃሚው በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ነው። በዚህ አዋጅ ባለመሬቱ ከመሬት ግብሩ ጋር ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ እንዲከፍል፣ ገንዘቡም ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተደነገገ። አሁን ጥያቄው የሚከተለው ነው፤ የከፈለው ገበሬ ልጁን ማስተማር ችሎ ነበር? ትምህርት ቤቱ በከተማ ሲሆን ከፋዩ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ከሆነ፣ ገበሬው ስለ ትምህርት የነበረው አስተያየት በዚህ ብቻ ሊገለጥ ይችላል። በየቤቱ በሳጥን ውስጥ፣ ከርስት ወረቀትና ከዳኝነት ውሳኔ ጋር ታጥፈው የተቀመጡ የግብር ደረሰኞች አሉ፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ ማየትና ፎቶ ማንሣት ነው። ስለ አገር ፍቅርና ስለ ዕውቀት ብርሃን ከሚናገሩት ንግግሮች ይልቅ አንዲት የተሸበሸበች ደረሰኝ የአገርን ዓላማና የባላገሩን ሸክም አገናኝታ ታሳያለች።

የተማሪዎች መዝገብ ሌላው ትልቅ ሀብት ነው። ብዙ ጊዜ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ላይ ወይም በንብረት ክፍል ውስጥ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ዐምዶቹ ቀላል ናቸው፤ ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአባት፣ ዕድሜ፣ የገባበት ቀን፣ ክፍል፣ በመጨረሻም «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዐምድ። ጀማሪ አጥኚ ስሞቹን ቆጥሮ ይዘጋዋል፤ ልምድ ያለው ግን ከዳር ይጀምራል። በምርመራው ዐምድ «አቋረጠ» የተባለባቸው ልጆች በየትኛው ወር እንዳቋረጡ ቢያይ፣ ብዙዎቹ መኸር በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ የወደቁ ከሆነ የትምህርቱን ዘመን ያወጣው ሰው የገበሬውን ዘመን እንዳልቆጠረ ይረዳል። የአባት ስም አጠገብ ቄስ፣ ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ዐሥር አለቃ የሚሉ ማዕረጎች ስንት ጊዜ እንደሚደጋገሙና ማዕረግ የሌላቸው ስንት እንደሆኑ ቢያስተያይ፣ ትምህርት ቤቱ የማን ልጆች ቤት እንደነበር ይገባዋል። የሴቶችን ስም ለብቻ ማውጣትና እስከ ስንተኛ ክፍል እንደዘለቁ መከተል ደግሞ ግዴታ ነው። ዕድሜ የሚለው ዐምድ ግን ብዙ አይታመንም፤ በግምት የተሞላ ስለሆነ ሁሉም ልጅ ሰባት ወይም ዐሥር ዓመት ሆኖ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። በመዝገቡ ውስጥ ያሉ ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ የወደቀውን፣ በሕመም የቀረውን፣ በጥፋት የተባረረውን በስም ማተም ነውር ነው። ቁጥሩንና አዝማሚያውን መጻፍ በቂ ነው።

ዘመንን ማስተካከል

የዓመት ስሌት ስሕተት የትምህርት ቤት ታሪኮች ሥር የሰደደ በሽታ ነው። የውጭ ሰነድ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገር ውስጡ በእኛ ሆኖ ሲደባለቅ፣ አንድ ትምህርት ቤት በሁለት ዓመት ተወልዶ ይገኛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት መደመር እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ሲጻፍ ግን ይረሳል። የጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል በአውሮፓ 1930 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 ቀን የወጣው ሕገ መንግሥት ግን 1931 ነው። በእኛ አንድ ዓመት፣ በእነሱ ሁለት።

የቆዩ ሰዎች ዓመቱን በቁጥር ላያስታውሱ ይችላሉ፤ ወንጌላዊውን ግን አይስቱም። ይህን ማስረጃ ብዙ አጥኚ ይጥለዋል፤ መጣል የለበትም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል ቀሪው አንድ ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ አንድ አባት «ትምህርት ቤት የገባሁት በሉቃስ ነው፣ ጠላት ከወጣ በኋላ፣ ጥምቀት ሳይደርስ» ቢሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያሉት የሉቃስ ዘመናት 1935፣ 1939፣ 1943 እያሉ ይቀጥላሉ። ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ ሌላ ምልክት ይጠየቃል፤ አባታቸው የትምህርት ግብር ይከፍሉ ነበር ወይስ አዋጁ ገና አልመጣም? ትምህርት ቤቱ ስንት ክፍል ነበረው? ከእሳቸው በፊት ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ነበር? መልሱ 1935 ካመለከተ፣ ከጥምቀት በፊት ማለት ከመስከረም እስከ ጥር መጀመሪያ ስለሆነ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1942 መጨረሻ ወይም በ1943 የመጀመሪያ ቀናት ላይ ይውላል።

ከአረጋውያን ጋር መነጋገር

ቃለ መጠይቅ በትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ባይደረግ ይመረጣል። አረጋዊው በቤታቸው፣ በገዛ ወንበራቸው ሲቀመጡ ነው ጨዋታው የሚፈታው። ወጣቱ አጥኚ በአንቱታ መናገሩን፣ ቡና ከቀረበ እስከ ሦስተኛው መቆየቱን፣ መቅረጫውንም ሳያስፈቅድ አለመክፈቱን ልብ ይበል። በጥያቄ አቀራረብ ላይ ደግሞ ሰፊ ልዩነት አለ። «ያኔ ትምህርት ጥሩ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ጥሩ ነበር፣ መምህር ይከበር ነበር፣ የዛሬ ልጅ ግን አይረባም። ይህ መልስ ስለ ዛሬ እንጂ ስለ ያኔ አይናገርም። በምትኩ «አባባ፣ አንቱ ተማሪ ሳሉ ደወል ከተደወለ በኋላ መጀመሪያ ወዴት ትሄዱ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሰልፉ ይመጣል፣ ሰንደቅ ዓላማው ይመጣል፣ መዝሙሩ ይመጣል፣ ማን እንደሰቀለ፣ ማን እንደተገረፈ፣ የጃንሆይ ሥዕል በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደነበር ይመጣል። «እማማ፣ አንቱን ትምህርት ቤት ማን አስገባዎት? ማንስ አስወጣዎት?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ስለ ሴቶች ትምህርት ከሚጻፍ አጠቃላይ ሐተታ የበለጠ ያስገኛል።

ሥርዓቱን በዝርዝር መያዝ ያስፈልጋል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ ዓላማ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በቁመትና በእጅ መንሣት ይሰጥ ነበርና። የዘመኑ የሕዝብ መዝሙር አምላክን፣ ንጉሥንና አገርን በአንድ ትንፋሽ የሚያነሣ ነበር፤ ልጁ ሦስቱን ለያይቶ ለማሰብ የሚያስችለው አጋጣሚ በማለዳው ሰልፍ ላይ አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ለረጅም ጊዜ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን በራሳቸው እጅ ይዘው መቆየታቸውም ለተማሪው ትምህርት የመንግሥት አገልግሎት ሳይሆን የንጉሥ ስጦታ ሆኖ እንዲታየው አድርጓል። በጉብኝት ጊዜ ስለተሰጠ ስጦታ የሚያስታውስ አረጋዊ ሲገኝ፣ ስጦታው ምን እንደነበር ብቻ ሳይሆን ወላጅ በዚያ ምሽት ምን እንዳለ መጠየቅ ነው።

ለቋንቋም ቦታ ይተው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ለአማርኛ ተናጋሪው ልጅ እፎይታ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሒሳብ ከመማር ተገላገለ። ነገር ግን በሰሜን ሸዋ ቆላማ ክፍሎች አርጎብኛ፣ በብዙ አካባቢም ኦሮምኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች አሉ፤ የእነዚህ ልጆች በዚያ ክፍል የደረሰባቸው ወይም ያገኙት ሌላ ሊሆን ይችላል። የጽሑፉ ተዓማኒነት የሚለካው እነዚህን ሰዎች ፈልጎ በማግኘት ነው፤ አንድነትን የሰበከ ትምህርት ቤት ሁሉም በእኩል ተሰምቶት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ከሌሎች አገሮች ጋር ማስተያየት

የኢትዮጵያን ሥልጣኔ ከጃፓን ጋር ማነጻጸር በእኛ ምሁራን ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ለሰሜን ሸዋም የሩቅ ወሬ አይደለም። በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ጎብኝተዋል፤ የሸዋው ተወላጅ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1923 ሕገ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1889 ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ተውሷል። ንጽጽር ጠቃሚ የሚሆነው ግን ሁለት ንጉሣውያን አገሮች ናቸው ከሚለው አልፎ ወደ ሥራው ዝርዝር ሲወርድ ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1868 የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ከመለሰች ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1872 ለሁሉም ልጅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲዳረስ ደነገገች፤ ሕገ መንግሥቷ የመጣው ከዚህ ዐሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። ሕዝቡም በደስታ ብቻ አልተቀበለም፤ በ1873 በተነሡ የገበሬዎች አመፆች፣ ወጪው የከበዳቸው መንደርተኞች ከሌላው ሁሉ ጋር ትምህርት ቤቶችንም አቃጥለዋል። የትምህርት ግብር ደረሰኝ በእጁ የያዘ የሰሜን ሸዋ አጥኚ ይህን ሲያነብ የሚያነጻጽረውን ያገኛል። በ1890 ደግሞ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት የትምህርት ቃል ወጣ፤ ለንጉሥ ታማኝነትን፣ ለወላጅ መታዘዝን፣ በችግር ቀን ለመንግሥት ራስን መስጠትን የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ነበር። በበዓል ቀን ርእሰ መምህሩ ሲያነቡት ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙ ነበር፤ የንጉሡም ሥዕል በትምህርት ቤቱ እንደ ንዋየ ቅድሳት ተጠብቆ ይቀመጥ ነበር። ጃፓን በጦርነት ከተሸነፈች በኋላ በ1948 ምክር ቤቱ ያን ቃል ሻረው።

እንግዲህ መመሳሰሉ በሥርዓቱ ላይ ነው፤ ልዩነቱ በስፋቱ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከጃፓን ልጆች ከዐሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት በአንደኛ ደረጃ ተመዝግበው ስለነበር የንጉሡ ቃል ወደ እያንዳንዱ መንደር ገባ። በእኛ አገር እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፍጻሜ ድረስ አብዛኛው ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበር፤ ስለዚህ የማለዳው ሰልፍና መዝሙር የጥቂቶች ልምድ ሆኖ ቀረ፤ ባላገሩ ስለ ንጉሥ የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከችሎትና ከግብር ሰብሳቢ ነበር። በእኔ አስተያየት ጃፓን ተሳክቶላት እኛ ለምን አልሆነልንም የሚለው የቆየ ጥያቄ ብዙ ወረቀት ያባከነው ይህን የስፋት ልዩነት ሳያይ በመቅረቱ ነው። ሌላ ማነጻጸሪያ ለሚፈልግ ደግሞ ሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) አለች፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ንጉሥ ቹላሎንግኮርን አዲሱን ትምህርት ወደ ክፍለ አገር ያደረሱት በገዳማቱ ውስጥ፣ መነኮሳቱን አስተማሪ አድርገው ነበር። እኛ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤትን በአብዛኛው ከቄስ ትምህርት ቤት አጠገብ ሠራነው እንጂ ከውስጡ አላበቀልነውም። በአካባቢው ይህ ልዩነት ምን እንዳስከተለ፣ የኔታ ተማሪ ያጡት መቼ እንደሆነ፣ ወይስ ልጁ ጠዋት እዚህ ከሰዓት እዚያ ይማር እንደነበር መጠየቅ ለጥናቱ አዲስ በር ይከፍታል።

ትምህርቱ በራሱ ላይ ሲመለስ

የንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤት ለዘውዱ ታማኝ ሠራተኛ እንዲያወጣ ታስቦ የንጉሥ ተቃዋሚ ማውጣቱ የዘመኑ ትልቁ ጉዳይ ነው፤ የወረዳ ታሪክ ጸሐፊም ሊሸሸው አይገባም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው ብሔራዊ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር እየላከ ከባላገሩ ኑሮ ጋር አገናኛቸው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ደግሞ መምህራን የትምህርት ሴክተር ጥናት የተባለውን የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ። አጥኚው በየወረዳው ይህ እንዴት እንደተሰማ መከታተል አለበት፤ ክፍል የተዘጋው መቼ ነው? ርእሰ መምህሩ ከየትኛው ወገን ቆሙ? ሥዕሉን ከግድግዳው ያወረደው ማን ነው፣ ወዴትስ ተደረገ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ አረጋውያኑን ያከራክራል። ሲከራከሩ ማስማማት የአጥኚው ሥራ አይደለም፤ ሁለቱንም ቃል እንደተነገረ መመዝገብ ነው።

ጽሑፉን ማዘጋጀት

ጽሑፉ በዘመን ቅደም ተከተል ቢሄድ ይሻላል፤ ነገር ግን ምዕራፎቹን በርእሳነ መምህራን የሥራ ዘመን መከፋፈል ትምህርት ቤቱን የግለሰቦች ቅጥር ታሪክ ያደርገዋል። ከነጻነት እስከ ትምህርት ግብሩ፣ ከዚያ እስከ አማርኛ መማሪያነት፣ ከዚያም እስከ 1966 ብሎ መክፈል የተሻለ ማዕቀፍ ይሰጣል። እያንዳንዱ ነጥብ ከየትኛው ክምር እንደመጣ በአረፍተ ነገሩ ውስጥ መገለጽ አለበት፤ «አዋጁ እንደሚያዘው»፣ «መዝገቡ እንደሚያሳየው»፣ «በአካባቢው እንደሚነገረው» የሚሉት ሦስት አነጋገሮች ጽሑፉን ከማጋነን ያድኑታል። «ለመጀመሪያ ጊዜ» እና «ብቸኛው» የሚሉ ቃላት በጥንቃቄ ይያዙ፤ በአጎራባች ወረዳ ያለ ትምህርት ቤትም ያንኑ እየጻፈ ሊሆን ይችላልና። ስለ ንጉሡ ሲጻፍም ሙገሳውም ስድቡም የአሁን ዘመን ክርክር እንዳያመጣ፣ የዘመኑን ማዕረግና አጠራር እንደነበረ መጠቀም፣ ፍርዱን ግን በማስረጃ አደራደር ማሳየት ይበቃል።

ረቂቁ ሲያልቅ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ቃላቸውን ለሰጡት ሰዎች ይነበብላቸው። ዓይናቸው ለደከመ ሰው የልጅ ልጁ ጮክ ብሎ ቢያነብለት፣ ያልተጠየቀ ዝርዝር በዚያ ሰዓት ይጨመራል፤ የተሳሳተ የሰው ስምም ይታረማል። ስሜ እንዳይወጣ ያለ ካለ ይከበርለት። ከታተመ በኋላ አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንድ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ አንድም በስድስት ኪሎው ተቋም ይቀመጥ። የድምፅ ቅጂዎቹና የደረሰኞቹ ፎቶግራፎችም ቀንና ቦታ ተጽፎባቸው፣ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ ሳይቀሩ፣ በሁለት ቦታ ይያዙ።